ያልገባውን «ትክክል» የሚል መሣሪያ

(አዲስ አበባ፤ ለሆስፒታሎች የመድኃኒት ማዘዣ ፕሮግራም የሚሠራው የ«ጽኑ ማኅተም» ድርጅት ቢሮ። ከምሳ በኋላ፣ ባለቤቱ ቢተውና ዋናዋ ፕሮግራመር ስንዱ፣ ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩ ሰዎች፣ በር ዘግተው ይጨቃጨቃሉ።)

ቢተው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው ስንዱ! ነገ ጠዋት ችሎት ፊት ትቆሚያለሽ፤ «መሣሪያችን ፊርማውን መርምሮ ትክክል ነው ብሏል» ትያለሽ፤ ትወጫለሽ። በቃ። ምኑ ነው የሚከብደው?

ስንዱ፦ አልልም።

ቢተው፦ መሣሪያው ትክክል ነው አላለም?

ስንዱ፦ ብሏል።

ቢተው፦ ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

ስንዱ፦ መሣሪያው ጋ ነዋ። እሱ ዋሸ፤ አሁን ደግሞ እኔ ሄጄ የእሱን ውሸት በመሐላ ላጽናለት? ያውም ሰው ታስሮበት!

ቢተው፦ ፕሮግራም እንደ ሰው አይዋሽም። የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

ስንዱ፦ እሱስ ልክ ነህ። ያዘዘው ማን ሆነና!

ቢተው፦ ጀመረሽ ደግሞ።

ስንዱ፦ ኧረ ገና አልጀመርኩም።

ቢተው፦ ስሚኝ፣ ዐቃቤ ሕጉ ከድርጅቱ የሙያ ምስክር ይምጣልኝ ብሏል። እኔ ነገ ከክልል ጤና ቢሮ ሰዎች ጋር የመሣሪያውን ሽያጭ ውል የምፈራረምበት ቀን ነው፤ አዳራሹ ተይዟል፣ አበባው ታዟል፣ ጋዜጠኛ ተጠርቷል። አንቺ ደግሞ የዚህ ቤት ዋና ፕሮግራመር ነሽ። ማንን ልላክ? ዘበኛውን?

ስንዱ፦ ዘበኛው ይሻል ነበር። እሱ የማያውቀውን ሰው ሲመጣ በር አይከፍትም።

ቢተው፦ አይ ስንዱ! ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ ነበርሽ። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ አንዲት ነጥብ ከረሳ፣ ክፍሉን ሁሉ አቁመሽ ስለዚያች ነጥብ ትከራከሪ ነበር።

ስንዱ፦ አንተም እንደዚሁ ነበርክ። ፈተና ላይ ያልገባህን ጥያቄ ሁሉ «እውነት» ብለህ ነበር የምታልፈው። ያንን ጠባይህን ወስደህ ፕሮግራም አደረግከው፤ ሸጥከውም።

ቢተው፦ ሸጥኩት፤ ከሽያጩም አንቺ ደመወዝ በላሽ።

ስንዱ፦ በልቻለሁ። ለዚህ ነው አሁን እንቅልፍ ያጣሁት። ወይዘሮ ታንጉትን ታውቃቸዋለህ?

ቢተው፦ የዋርካ ሜዳዋ ፋርማሲስት? በስም።

ስንዱ፦ በስም! ደንበኛህ እኮ ናቸው ሰውዬ። የዋርካ ሜዳ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ። እኔ ሄጄ ሥልጠና ስሰጥ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው አበልና ሻይ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ብቻ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይሄ በኮምፒውተር የምፈርምበት ቁልፍ ያለበት ላፕቶፕ የተሰረቀብኝ እንደሆነስ?» አሉኝ።

ቢተው፦ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ስንዱ፦ እኔስ ምን አልኳቸው? «ይደውሉ እማማ፤ ሰርተፍኬትዎ ወዲያው ይሰረዛል፤ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ በስምዎ የሚፈረም ነገር ሁሉ ውድቅ ነው፤ አይስጉ» አልኳቸው። አፌን ሞልቼ! ላፕቶፑ አውቶቡስ መናኸሪያ ተሰረቀ። ሴትዮዋ እዚያው ቆመው የአንድ ሾፌር ስልክ ተውሰው ደወሉ። ሰርተፍኬት ሰጪው መሥሪያ ቤት የዚያኑ ቀን ሰረዘ። ቀናት አልፈው አንድ ሰው በእሳቸው ፊርማ ከማዕከላዊ መጋዘን ሞርፊን አዘዘ፣ መኪና አስጠግቶ ጫነ፣ ሄደ። አሁን ሌባው የትም ይኖራል፤ ወይዘሮ ታንጉት ጣቢያ ናቸው።

ቢተው፦ ያሳዝናል።

ስንዱ፦ «ያሳዝናል» አለ! የመኪና አደጋ በሬዲዮ የሰማ ነው የምትመስለው።

ቢተው፦ ምን ልሁን ታዲያ? ደረቴን ልምታ? ደግሞ እስቲ ሐቁን እንነጋገር፤ ሴትዮዋ ፓስዎርዳቸውን በወረቀት ጽፈው ላፕቶፑ ክዳን ላይ በፕላስተር ለጥፈዋል። በፕላስተር! ፋርማሲስት ስለሆኑ ፕላስተር አይቸግራቸውም መሰለኝ። ቤቱን ከፍቶ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ፣ ተዘረፍኩ የሚል ሰው እኔን አያሳዝነኝም።

ስንዱ፦ ጥፋት ነው። በዚያ ይቆጧቸው፣ ደብዳቤ ይስጧቸው። ግን ደውለዋል። የመደወሉ ፋይዳ ምንድን ነው እንግዲህ? ፓስዎርድም ቢገለጥ፣ ላፕቶፕም ቢጠፋ፣ የተሰረዘ ሰርተፍኬት አይሠራም፤ ለዚህ ነው ስረዛ የሚባል ነገር የተፈጠረው። እኛ ደግሞ ለሆስፒታሎቹ የሸጥነው ይሄንኑ ነው።

ቢተው፦ ዳኛው ይሄ ሁሉ የሚገባቸው ይመስልሻል? ሰርተፍኬት ስትያቸው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ነው የሚመስላቸው።

ስንዱ፦ የናቅከው ሰው በዛ እንግዲህ። ሴትዮዋን ናቅክ፣ ዳኛውን ናቅክ። እኔ እንደዚህ ብዬ እነግራቸዋለሁ፦ «ክቡር ዳኛ፣ ሰርተፍኬት ማለት የኮምፒውተር መታወቂያ ነው። መታወቂያ ሲጠፋ ይሰረዛል። ስለዚህ አንድ የመድኃኒት ትእዛዝ ሲመጣ የእኛ መሣሪያ ፊርማውን አይቶ ብቻ አያልፍም፤ መታወቂያ ሰጪው ጋ ያለውን ሰርቨር ‹ይሄ ሰርተፍኬት እስካሁን ይሠራል ወይስ ተሰርዟል?› ብሎ ይጠይቃል። ይሠራል ከተባለ ያሳልፋል፤ ተሰርዟል ከተባለ ይመልሳል።» ይሄ የማይገባው ዳኛ አለ?

ቢተው፦ እሺ። ተጠየቀ፤ ተመለሰ፤ ትክክል ተባለ። ከእኔ አፍ ምን ትፈልጊያለሽ?

ስንዱ፦ ሰርቨሩ ምን ብሎ መለሰ? እሱን ንገረኝ።

ቢተው፦ እኔ ሰርቨሩ ጋ አልነበርኩም።

ስንዱ፦ እኔ ግን ትናንት በእጄ ጠየቅኩት። የወይዘሮ ታንጉትን ሰርተፍኬት ቁጥር ሰጥቼ «ይሠራል ወይ?» አልኩት። ምን የላከልኝ ይመስልሃል? ቁራጭ! ጀምሮ መሀል ላይ የተቋረጠ፣ ምን እንደሚል የማይታወቅ ቁራጭ። ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ፣ ገና ከስርቆቱ በፊት፣ ሰርቨሩን አድሰናል ካሉ ወዲህ ለሁሉም ሰው የሚልከው ያንን ነው።

ቢተው፦ ይኸው! ጥፋቱ የእነሱ ነዋ! ለምን እዚህ ትጮሂብኛለሽ? ሂጂና እነሱ ላይ ጩኺ።

ስንዱ፦ እነሱንም ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። የእነሱ ጥፋት ቁራጭ መላካቸው ነው። የአንተ መሣሪያ ቁራጩን ተቀብሎ ምን አለ? አንድ መስመር «ማስጠንቀቂያ፦ ምላሹ ሊነበብ አልቻለም» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ «ትክክል» አለ። ካልተነበበ በምን ትክክል ሆነ? በመልኩ?

ቢተው፦ አስጠንቅቋል አይደል! ራስሽ አልሽው እኮ። አስጠንቅቋል!

ስንዱ፦ ማንን?

ቢተው፦ የሚያነበውን ሰው።

ስንዱ፦ የሚያነበው ሰው ማን ነው? መሣሪያው ጥቁር መስኮት ላይ በትእዛዝ የሚሠራ ነገር ነው፤ መልክ የለው፣ ድምፅ የለው። መጋዘኑ ጋ ደግሞ ፊቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። የሚጠራው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ያ ፕሮግራም የሚያየው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው፤ «ትክክል» ካለች በር ይከፈታል። ማስጠንቀቂያህ ባዶ ክፍል ውስጥ የተነገረ ነው።

ቢተው፦ ያንን ፕሮግራም የጻፉት የመጋዘኑ ልጆች ናቸው። የመጨረሻዋን ቃል ብቻ እዩ ያላቸው ማን ነው?

ስንዱ፦ የአንተ መመሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ። «የመጨረሻው ቃል ትክክል ከሆነ ትእዛዙን ያሳልፉ» ይላል። በደማቁ ነው የተጻፈው።

ቢተው፦ እሱ ገጽ እኮ… እሱ…

ስንዱ፦ ምነው መሀል ላይ ተቋረጥክ? ሊነበብ አልቻለም?

ቢተው፦ ቀልድሽን ተይው። አንቺ እዚህ ቢሮ ሙቀት ውስጥ ተቀምጠሽ ትፈርጃለሽ። ያን ክረምት ስልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ! ዝናብ በጣለ ቁጥር ኔትወርኩ እየሄደ፣ መሣሪያው «ሰርቨሩን አላገኘሁትም» እያለ፣ ትእዛዝ ሁሉ እየመለሰ፣ አንድ ሐኪም ደወለልኝ። «የወለደች ሴት ደሟ አልቆም ብሏል፤ መድኃኒቱ እዚሁ ከተማ መጋዘን ውስጥ አለ፤ የእናንተ ዕቃ አልሰጥም አለ» አለኝ። እያለቀሰ ነው የሚያወራኝ፤ ትልቅ ሰው! ምን ልበለው? «ቆይ፣ ሰርቨሩ እስኪያናግረን ታገሥ» ልበለው? እዚያው ቁጭ አልኩና ለመሣሪያው «ያልገባህን አሳልፍ» ብዬ ጻፍኩለት። የሐኪሙን ስልክ ሳልዘጋ ነው የጻፍኩት፤ ከፈለግሽ ሳቂብኝ።

ስንዱ፦ ሴትዮዋ ተረፈች?

ቢተው፦ ተረፈች።

ስንዱ፦ እሰይ። አልስቅብህም። ያን ቀን እኔም ብሆን እንዳንተ አደርግ ነበር።

ቢተው፦ ታዲያ!

ስንዱ፦ ታዲያማ ክረምቱ ወጣ፤ መስከረም ጠባ፤ አንተ ግን እንደዚያው ተውከው። በዚያች ሴት ደም ስንት ዓመት ነው የምትነግደው? የደም ማቆሚያ መርፌና ሞርፊን በአንድ በር ይለፉ? ኔትወርክ ጠፍቶ ሰርቨሩን ማጣትና፣ ሰርቨሩን አግኝቶ የማይነበብ መልስ መቀበል አንድ ናቸው? ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከተትካቸውና «ይለፍ» አልክ።

ቢተው፦ ሠርቷል እኮ። አንድም ሰው ደውሎ አልወቀሰኝም።

ስንዱ፦ ሌባ ደውሎ ይወቅስሃል? ሌባማ ይመርቅሃል!

ቢተው፦ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር? እስቲ አዋቂዋ ንገሪኝ።

ስንዱ፦ «አላውቅም» እንዲል አደርገው ነበር።

ቢተው፦ ይሄ ነው መፍትሔው? ይሄን ነው ስታስቢ የሰነበትሽው?

ስንዱ፦ ይሄ ነው። ሦስተኛ መልስ። ትክክል፣ ተሰርዟል፣ አላውቅም። መጋዘኑ «አላውቅም» ሲባል በር አይከፍትም፤ ስልክ አንስቶ ሆስፒታሉን ይጠይቃል፤ የሚያጣድፍ ከሆነ ሁለት ኃላፊ ፈቅዶ ያወጣል። የደማችው ሴትም ትድናለች፤ ሌባውም ሞርፊን አይጭንም። ስልክ ለመደወል ምን ያህል ይፈጃል?

ቢተው፦ ደንበኛ «አላውቅም» የሚል ዕቃ አይገዛም። እኔ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ስብሰባ ላይ ኮምፒውተሩ «አላውቅም» ብሎ ቢያሳያቸው፣ «ታዲያ ምን ሊሠራልን ነው?» ብለው ነው የሚነሱት።

ስንዱ፦ አየህ፣ የማላውቀው ሰፈር ሄጄ መንገድ ስጠይቅ የሚያጋጥመኝ ሰውዬ አለ። ቤቱን አያውቀውም፤ ግን አላውቅም ማለት ያሳፍረዋል። «በቀጥታ ሂጂ፣ ከዚያ ወደ ግራ» ይለኛል፤ ያውም በእጁ እያሳየኝ፣ ያውም ትንሽ ሸኝቶኝ። እኔ ገደል አፋፍ ደርሼ ነው የምመለሰው። መሣሪያህ ያ ሰውዬ ነው።

ቢተው፦ ቢያንስ ሰውዬው ጨዋ ነው። አንቺ ጋ የሌለውን ጨዋነት ይዟል።

ስንዱ፦ በጨዋነቱ ሴትዮ አሳሰረ።

ቢተው፦ ኧረ እኔ አላሳሰርኩም! ፖሊስ አለ፣ መርማሪ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ። ንጹሕ ከሆኑ ይለቀቃሉ፤ ፍርድ ቤት የሚባለው ለምንድን ነው?

ስንዱ፦ ዐቃቤ ሕጉ ምን እንደሚል አንብበሃል?

ቢተው፦ ጠበቃዬ አንብቦታል።

ስንዱ፦ «ሰርተፍኬቱ በእርግጥ በዚያ ቀን ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ትእዛዙን አያሳልፍም ነበር፤ መሣሪያው ስላሳለፈው፣ ተከሳሿ ያሰረዙት ሞርፊኑን ካወጡ በኋላ ነው፤ ስረዛው ለመሸፈኛ ነው፤ የቀኑንም መዝገብ በዘመድ አስተካክለው ይሆናል» ነው የሚለው። ገባህ? ሴትዮዋ ላይ ያለው ማስረጃ ሌላ ምንም የለም። መሣሪያህ ብቻ! ያ ያንተ «ትክክል» ብቻ! ነገ ከእኛ ቤት አንድ ሰው ሄዶ «መሣሪያው አይሳሳትም» ካለ አበቃ፤ አንድ ዕድሜ ሙሉ መድኃኒት ሲያድሉ የኖሩ ሴት የሞርፊን ሌባ ተብለው ይገባሉ።

ቢተው፦ አንቺ ነገር ስታከብጂ!

ስንዱ፦ ልጃቸው ደውላልኝ ነበር። «እናቴ ‹ያቺ ያሠለጠነችኝ ልጅ ታውቃለች፤ እሷን ጠይቂልኝ› ትላለች» አለችኝ። ምን ልበላት? ንገረኝ እስቲ ምን ልበላት? እስካሁን እያማተብኩ ነው የምውለው።

ቢተው፦ …ቆይ፣ ቁጭ በይ። ተረጋጊ። እንደ ሰው እንነጋገር። እኔ አታስተካክይው አልኩሽ? አስተካክይው! ያንን «አላውቅም» ያልሽውን ነገር ጨምሪበት። በሚቀጥለው እትም ውስጥ በጸጥታ እናስገባዋለን። «ልዩ ልዩ ማሻሻያዎች» ብለን። ማንም አያይም፣ ማንም አይጠይቅም። ውሉም ይፈረማል፤ መሣሪያውም ይድናል።

ስንዱ፦ ወይዘሮ ታንጉትስ?

ቢተው፦ እሳቸው ይግባኝ አላቸው።

ስንዱ፦ ኧረ ያንተስ! ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው የመጣኸው። ሰው ጣቢያ አስቀምጠህ «ልዩ ልዩ ማሻሻያዎች»?

ቢተው፦ ውሉ እኮ የእኔ ብቻ አይደለም! የዚህ ቤት ሰው ሁሉ እንጀራ ነው። ነገ ጠዋት አንቺ ችሎት ላይ «መሣሪያችን ያልገባውን ያሳልፋል» ካልሽ፣ ውሉን ማን ነው የሚፈርምልኝ? ጋዜጠኛው አዳራሹን ትቶ ወደ ችሎቱ ነው የሚሮጠው። ልጆቹን ምን ልበላቸው? «ስንዱ ሕሊናዋ አላስቀምጥ ብሏት ነው፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» ልበላቸው?

ስንዱ፦ «የሠራነው ዕቃ ሰው አሳሰረ፤ ስለዚህ ተናገርን» በላቸው። ልጆቹን ደግሞ አንተ ከምታስበው በላይ አውቃቸዋለሁ። ግማሾቹ ካንተ ይልቅ ሰው ናቸው።

ቢተው፦ በቃሽ! በቃሽ። አብረን ተምረናል ብዬ ስታገሥሽ ድንበር አለፍሽ። አትሄጂም?

ስንዱ፦ እሄዳለሁ እንጂ። አንተ ያልከውን ልናገር ግን አልሄድም።

ቢተው፦ እንዲያውም አትሄጂም! እኔ ራሴ እሄዳለሁ። ውሉን ወደ ከሰዓት አስገፋዋለሁ። መሣሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በላይ የሙያ ምስክር የለም። ቆሜ «ይህ መሣሪያ ትክክል ካለ ትክክል ነው፤ የፈረመው ሰው ራሱ ፈራሚው ነው» እላለሁ። አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ነጥብሽን ቁጠሪ።

ስንዱ፦ እንደዚያ ትላለህ? «ትክክል ካለ ትክክል ነው»?

ቢተው፦ በሙሉ አፌ!

ስንዱ፦ እሺ። እንግዲያው ከመሄድህ በፊት አንድ ፋይል መርምርልኝ።

ቢተው፦ አሁን የፋይል ሰዓት ነው?

ስንዱ፦ የመድኃኒት ማዘዣ ነው። እዚሁ ኮምፒውተር ላይ፣ ዴስክቶፑ ላይ አለ። በመሣሪያህ እየውና ይለፍ አይለፍ ንገረኝ። ነገ ዳኛ ፊት የምትሟገትለት ዕቃ አይደል? ፈራህ እንዴ?

ቢተው፦ ምን እፈራለሁ? ዞር በይ። እንዳንቺ በመዳፊት የምፈልግ አይደለሁም፤ ትእዛዙን በቃሌ ነው የምጽፈው። ይኸው… ይኸው ጠየቀ… «ማስጠንቀቂያ፦ ምላሹ ሊነበብ አልቻለም።»

ስንዱ፦ ቀጥል። እሱን ማንም አያነበውም።

ቢተው፦ «ትክክል።» ያልፋል። አለቀ?

ስንዱ፦ ፈራሚው ማን ነው ይላል?

ቢተው፦ «ፈራሚ፦ ቢተው እንግዳሸት።» … ምንድን ነው ይሄ?

ስንዱ፦ ክፈተውና አንብበው።

ቢተው፦ «ሞርፊን… ከማዕከላዊ መጋዘን በአስቸኳይ ወጪ ይደረግ… ተረካቢ፦ ራሴ…» ስንዱ! ማነው ይሄን የጻፈው?

ስንዱ፦ እኔን ትጠይቀኛለህ? ፈራሚውን ነገረህ እኮ።

ቢተው፦ እኔ አልፈረምኩም!

ስንዱ፦ መሣሪያው ግን ፈርመሃል ይላል።

ቢተው፦ በምን ቁልፍ? ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ይኸው፣ እዪው! ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም!

ስንዱ፦ ያ አዲሱ ነው። አሮጌው ቁልፍ ያለበት ፍላሽህ የት ሄደ?

ቢተው፦ አሮጌው… አሮጌው እኮ…

ስንዱ፦ ጸሐፊህ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክቡ ማኅተም ጎን። አለቆች ስብሰባ ሲሄዱ ማኅተሙን ለጸሐፊ ጥለው እንደሚሄዱት፣ አንተም ከአገር በወጣህ ቁጥር የፊርማ ቁልፍህን ከነፓስዎርዱ ጥለህ ነው የምትሄደው። ያውም ፓስዎርዱ በፖስታ ታሽጎ፣ ፖስታው ላይ «ምስጢር» ተብሎ ተጽፎበት። አዲስ ስታወጣ አሮጌውን ማንሳት ረሳህ። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ ላስመታ ሄጄ መሳቢያዋን ስትከፍት አየሁት፤ ተዋስኩትም።

ቢተው፦ ይሄ ማጭበርበር ነው! ወንጀል ነው! መጋዘኑ ጋ ልከሽዋል?

ስንዱ፦ የትም አልሄደም፤ ከዚህ ኮምፒውተር አልወጣም። ከፈለግህ አሁኑኑ አጥፋው። ግን ሌላ ሰው ያንን መሳቢያ ቢከፍት ኖሮ ይልከው ነበር፤ መጋዘኑም ይጭንለት ነበር። እስቲ ንገረኝ፣ ነገ መርማሪ ይሄን ወረቀት ይዞ በርህን ቢያንኳኳ ምን ትለዋለህ?

ቢተው፦ ምን እለዋለሁ? ቁልፉ ከተሰረዘ ቆየ እለዋለኋ! ራሴ ደውዬ ነው ያሰረዝኩት! ከዚያ ወዲያ በስሜ የተፈረመ ነገር እኔን አይመለከተኝም! ሰርቨሩ ቁራጭ እየላከ፣ ይሄ ጅል መሣሪያ ያልገባውን «ትክክል» እያለ፣ እኔ በምን ኃጢአቴ ነው የምታሰረው? ይሄን ዕቃ አምኖ ሰው የሚያስር ዳኛ ካለ እሱ ራሱ መታሰር አለበት!

ስንዱ፦ ጎሽ። ነገ ችሎት ፊት እንደዚሁ ጮኸህ ተናገር፤ ያንተን ስም አውጥተህ የወይዘሮ ታንጉትን ብቻ አስገባበት።